«450 ብር ወጥቷል» ያልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ዳቦና ሳሙና ልገዛ ሰፈራችን ወዳለችው ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቋን የሰፈሩ ልጆች በሙሉ «እትዬ» ነው የምንላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። በኢኮኖሚክስ መመረቄንም፣ ከዚያ በኋላ ቤት ቁጭ ብዬ ላፕቶፕ ላይ «የሆነ ነገር» እንደምሠራም ያውቃሉ። ሳሙናውን ከማቀበላቸው በፊት ስልካቸውን አወጡና «እስቲ አንተ የተማርከው፣ ይኼን አንብብልኝ» አሉኝ።

ስልኩ ላይ የተከፈተው የዱቤ መዝገብ አፕ ነው። ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ይቀርበታል የሚለውን፣ ድሮ በደብተር ይያዝ የነበረውን ሒሳብ የሚመዘግብ። በአማርኛ ስለሚሠራ ወደውት ነው ያስጫኑት። አንድ ደንበኛ ስም ሥር እንዲህ ይላል፦ «ጠቅላላ 1,200 ብር። 750 ብር ተከፍሏል። 450 ብር ወጥቷል።»

«ማን ነው ያወጣው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሌላ ደንበኛ ከፈቱ፤ «180 ብር ወጥቷል»። ሌላ፤ «620 ብር ወጥቷል»። ሱቁ ውስጥ የሚያግዛቸው ወጣት አለ። ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። አፑ ላይ የሚመዘግበውም እሱ ነው። እትዬ በግልጽ ምንም አላሉትም። ብቻ የገንዘብ መሳቢያውን ቁልፍ ተቀብለውታል። እሱም ምክንያቱ ሳይነገረው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዕቃ ያወጣል፣ ዕቃ ያስገባል።

እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ላብ አጠመቀኝ። አፑን አወቅኩት። ወደ አማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ወጥቷል» የምትለዋ ቃል የኔ ናት። 450 ብሩ ደግሞ የትም አልወጣም፤ ደንበኛው ገና ያልከፈለው ቀሪ ዕዳ ነው።

አንዲት ቃል፣ አንድ ባዶ ቦታ

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወራት በፊት አንድ የትርጉም ኤጀንሲ የኤክሴል ፋይል ላከልኝ። ስምንት መቶ ገደማ መስመር አለው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ዓምድ። ሥራዬ ባዶውን መሙላት ነው፤ ክፍያው በቃል ነው። አፑ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል አልተነገረኝም። «የንግድ አፕ ነው» ተባልኩ፣ በቃ።

ከመስመሮቹ አንዷ «[___] ሌፍት» ትላለች። ባዶውን ቦታ ፕሮግራሙ በኋላ ራሱ ነው የሚሞላው። ስም ሊሆን ይችላል፣ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ቀን ሊሆን ይችላል። ፋይሉ በፊደል ተራ የተደረደረ ስለነበር ከሷ ብዙም ሳይርቅ «[___] ጆይንድ» የምትል መስመር ነበረች። ዕድሜውን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የጨረሰ ሰው ይኼን ሲያይ ምን ያስባል? እገሌ ገባ፣ እገሌ ወጣ። እኔም «ገብቷል»፣ «ወጥቷል» ብዬ አለፍኩ። አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

እንግሊዝኛው «ሌፍት» ሰው ሲሄድም ገንዘብ ሲተርፍም ያው ነው። አማርኛ ግን ይለያል፦ ሰው ከሆነ ወጥቷል፣ ገንዘብ ከሆነ ይቀራል። ክፋቱ ደግሞ «450 ብር ወጥቷል» ሲባል ጆሮን ምንም አይጎረብጥም። የተንሻፈፈ አማርኛ ቢሆን ኖሮ እትዬ ስቀው ያልፉት ነበር። ይኼ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ የሚናገረው ነገር ብቻ ነው ሐሰት።

የዛሬው ጉዳዬም እዚህ ላይ ነው። ያንን ስህተት እንዳልሠራ የሚያደርገኝ መረጃ ያልነበረ እንዳይመስላችሁ። ነበረ። በዋናው ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ስም አለው። የዚችኛዋ መለያ «ከስተመር ዴት ሌፍት» ይላል፤ የደንበኛ ቀሪ ዕዳ ማለት ነው። አጠገቧ ደግሞ «ኢቲቢ» የሚለው የገንዘብ ምልክትና ለናሙና የተቀመጠ ቁጥር ነበሩ። እነዚህ ሁሉ «የማይተረጎሙ» ስለሆኑ ፋይሉ ለኔ ከመላኩ በፊት ተጠርገው ወጡ። የተረፈው በፊደል ተራ ተደረደረ። በኋላ ስጠይቃቸው «ፋይሉ እንዲያጥርልህና በስህተት ኮድ እንዳትነካ ብለን ነው» አሉኝ። ለኔ አስበው ነው ማለት ነው።

የማይተረጎም ሁሉ የሚደበቅ አይደለም

«የትርጉም ሶፍትዌር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጎግል ትራንስሌትን ነው። ባለሙያ ተርጓሚዎች የሚሠሩበት ግን ሌላ ዓይነት ነው። እንደ ትራዶስና ሜሞኪው ያሉ የሚሸጡ አሉ፤ እንደ ኦሜጋቲ ያሉ በነፃ የሚገኙ አሉ። ዋና ሥራቸው ለሚተረጉመው ሰው የሥራ ጠረጴዛ መሆን ነው። ፋይል ስታስገቡላቸው ጽሑፉን በየዓረፍተ ነገሩ ይቆራርጡታል፣ ከዚህ በፊት የተረጎማችሁትን ያስታውሷችኋል፣ ስትጨርሱ ደግሞ ቁርጥራጩን መልሰው ይገጥሙታል።

ፋይሉ ሲገባ መጀመሪያ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ የቱ ይተርጎም፣ የቱ ይለፍ። የአፕ ፋይል ውስጥ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ አይደለም ያለው። ኮድ አለ፣ መለያ አለ፣ የድርጅት ስም አለ፣ ሊንክ አለ፣ ቁጥር አለ። ተርጓሚው እነዚህን ቢነካ አፑ ይበላሻል። ስለዚህ ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ጭራሽ መደበቅ ነው። ሁለተኛው ማሳየትና መቆለፍ ነው፤ መስመሩ በግራጫ ቀለም ይታያል፣ ግን መንካት አይቻልም። ሦስተኛው ከሚተረጎመው መስመር ጎን በማስታወሻ መልክ ማስቀመጥ ነው።

ከሦስቱ የሚቀለው የመጀመሪያው ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገውም እሱ ነው። የኔ ክርክር አጭር ነው፦ ቆልፉት እንጂ አትደብቁት።

ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ስልክ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። «እሺ… አይ፣ እሷ አይደለችም… ሁለት መቶ?… በቃ ነገ።» የሚሰማችሁ የአንዱ ወገን ወሬ ብቻ ነው። ዝም ብላችሁ ግን አትቀመጡም፤ ሌላውን ወገን በሐሳባችሁ ትሞሉታላችሁ። ሠርግ ይሁን የተሰበረ ስልክ ዋጋ ሳታውቁ ታሪኩን ትጨርሱታላችሁ። የማይተረጎመው ጽሑፍ የተደበቀበት ተርጓሚም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ የሱ ግምት ታትሞ ሰው ስልክ ላይ መውጣቱ ነው።

አማርኛ ላይ ለምን ይብሳል?

ችግሩ የሁሉም ቋንቋ ነው። አማርኛ ላይ ግን የሚብስባቸው ምክንያቶች አሉ።

መጀመሪያ የሰዋስውን ቅደም ተከተል እንይ። እንግሊዝኛው «ዌልካም ቱ» ይልና የአፑን ስም ያስከትላል። የአፑ ስም አይተረጎምም ተብሎ ሲደበቅ ለተርጓሚው የሚደርሰው «ዌልካም ቱ» ብቻ ነው። እሱም «እንኳን በደህና መጡ ወደ» ይላል፣ ወይም ጨነቅ ሲለው «እንኳን ወደ በደህና መጡ»። በአማርኛ ስሙ መሐል ላይ ነው መግባት ያለበት፦ «እንኳን ወደ እንትን በደህና መጡ»። አንዳንድ አፖች ላይ ስሙ ጭራ ሆኖ ተንጠልጥሎ አይታችሁ ከሆነ ተርጓሚው አማርኛ ስለማይችል ላይሆን ይችላል። ስሙ መኖሩን አላየም ይሆናል።

ሁለተኛው ግሱ ነው። አማርኛ ውስጥ ግስ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ የአድራጊውን ጾታና ቁጥር ይናገራል። «[___] ሴንት ዩ [___]» የሚል መስመር መጣ እንበል። የመጀመሪያው ባዶ ሰው ከሆነ «ልኮልዎታል» ነው ወይስ «ልካልዎታለች»? ሰላም፣ ደስታ የመሳሰሉ ስሞች ባሉበት አገር አፑ ራሱ ጾታውን ሊያውቅ አይችልም። ዘዴ ግን አለ። «ከሰላም 500 ብር ደርሶዎታል» ብትሉት የጾታ ጣጣው ይቀራል። ይኼን ዘዴ ለመጠቀም ግን የመጀመሪያው ባዶ የሰው ስም፣ ሁለተኛው የገንዘብ መጠን መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። ተገላብጦ ቢሆንስ? «ከ500 ብር ሰላም ደርሶዎታል»። መልካም ምኞት ይመስላል።

ሦስተኛው ትዕዛዝና ሁኔታ የሚለዩበት ነው። «ኦፕን» የሚል ቃል ብቻውን መጣ። የሚነካ በተን ከሆነ «ክፈት» ወይም በአክብሮት «ይክፈቱ» ነው። የሱቅ ሁኔታ ከሆነ «ክፍት ነው»። መለያው ላይ በተን መሆኑ ቢጻፍ አንድ ሰከንድ አያስጠይቅም።

አራተኛው ሰዓት ነው። ቁጥር አይተረጎምም፣ እውነት ነው። ግን «ቀጠሮዎ በ9:00 ነው» የሚል መልእክት የደረሰው የአዲስ አበባ ሰው ሦስት ሰዓት ጠዋት ነው ይላል ወይስ ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት? የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ተርጓሚው ናሙናውን ቁጥር ካየ «ይኼ ነገር በኛ አቆጣጠር ይስተካከል፣ ወይም ‹ጠዋት› የምትል ቃል ይጨመርበት» ብሎ ዴቨሎፐሩን ያስጠነቅቃል። ባዶ ቅንፍ ብቻ ካየ ግን ሰዓት መሆኑንም አያውቅም።

በኔ ላይ የደረሰ ሌላም አለ። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ «ኢንተረስት» የሚል ቃል ብቻውን ብትሰጡት የሚላችሁ «ወለድ» ነው። እኔም አልኩ። አፑ ለካ የጓደኛ መፈለጊያ ኖሯል። ለአንድ ሳምንት ያህል የሰው ፕሮፋይል ላይ «ወለድ፦ እግር ኳስ፣ ፊልም፣ ሽርሽር» ይል ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። የእትዬን ስልክ ካየሁ በኋላ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

መፍትሔው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል

የሚያናድደው መፍትሔው አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው። ጌትቴክስት የሚባለው የነፃ ሶፍትዌሮች የትርጉም ሥርዓት ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። በሱ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ማስታወሻ ሊይዝ ይችላል፦ ቃሉ የተነሳው ከየትኛው የኮድ ፋይል ስንተኛ መስመር ላይ እንደሆነ፣ ዴቨሎፐሩ ለተርጓሚው የጻፈው ማብራሪያ፣ አንድ ዓይነት ቃል ሁለት ቦታ ላይ የተለያየ ትርጉም ካለው ደግሞ መለያ ዐውድ። ከነዚህ አንዱም አይተረጎምም። ሁሉም ግን ይታያሉ።

አንድሮይድም ያው ነው። የአፑ ጽሑፎች በሚቀመጡበት ፋይል ውስጥ አንድን መስመር «አይተረጎምም» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከዚያም አልፎ ጎግል ለዴቨሎፐሮች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ባዶ ቦታውን የሚያቅፍ ልዩ ምልክት አለ። ምልክቱ ሁለት ነገር ይይዛል፦ ባዶው ምን እንደሚባልና ምሳሌው። ዴቨሎፐሩ እዚያ ላይ «ምሳሌ፦ 450 ብር» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እኔ «ወጥቷል» አልልም ነበር። አንድ መስመር ላይ የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው።

የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲም እ.ኤ.አ. በ2013 አይቲኤስ 2.0 የሚባል ደረጃ አጽድቋል። እሱ ውስጥ «ይተረጎም ወይስ አይተረጎም» የሚለው ምልክት አንድ ነገር ነው፤ «ለተርጓሚው የሚሰጥ ማስታወሻ» ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር። አለመተርጎምና አለማሳየት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን የጻፉት ሰዎች አስበውበታል ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት እንምጣ። የቴሌግራም የትርጉም መድረክ ለማንኛውም ፈቃደኛ ክፍት ነው። እዚያ ገብታችሁ አንድ ሐረግ ስትነኩ፣ ሐረጉ አፑ ላይ የት ቦታ እንደሚወጣ የሚያሳይ የስክሪን ምስል ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ዌብሌት የሚባለው ነፃ መሣሪያም መስመርን ለንባብ ብቻ አድርጎ መቆለፍ፣ ማብራሪያና ስክሪንሾት ማያያዝ ይችላል። በነፃ የሚሠራ ፈቃደኛ የሚያገኘውን ነገር ተከፋዩ ተርጓሚ አላገኘም።

ታዲያ ለምን ይደበቃል?

አሁን ትንሽ የተማርኩትን ልጠቀምበት።

የትርጉም ዋጋ የሚቆጠረው በቃል ነው። የማይተረጎሙ መስመሮች ፋይሉ ውስጥ ከቆዩ የቃሉ ቁጥር ያብጣል። ኤጀንሲው «ላልተሠራ ሥራ ልከፍል ነው» ብሎ ይሰጋል፤ መቁረጥ ይቀለዋል። ተርጓሚውም በቃል የሚከፈለው ስለሆነ ቆም ብሎ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያከስረዋል። አንድ ጥያቄ ጽፎ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ ሃምሳ ቃል የሚተረጎምበትን ጊዜ ይበላል፤ ለጥያቄ ደግሞ የሚከፍል የለም። ስለዚህ ኤጀንሲው አያሳይም፣ ተርጓሚው አይጠይቅም፣ ዴቨሎፐሩ አያውቅም። ሦስቱም በየበኩላቸው ወጪ ቆጥበዋል።

ወጪው ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ነው የተላለፈው። በኢኮኖሚክስ ኤክስተርናሊቲ ይሉታል፦ ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ ዳፋው ገበያው ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሰው ላይ ሲያርፍ። እዚህ ሦስተኛው ሰው የሱቁ ልጅ ነው። ለዚያች አንዲት ቃል የተከፈለኝ ሳንቲም ነው። እሱ የከፈለው ሦስት ሳምንት ሙሉ በሌባ ዓይን መታየትን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ባሳተመው ጥናት ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳይቷል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎቹ ዋነኛው ነው። የኛ አገር የአፕ ትርጉም ገበያም ይኼን ይመስለኛል። አፑን የሚያሠራው ድርጅት አማርኛው ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለይበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለውም፤ የሚያየው ዋጋውን ነው። ስለዚህ እየጠየቀ የሚሠራው ተርጓሚ ውድና ቀርፋፋ መስሎ ይታያል፣ ሳይጠይቅ የሚሠራው ርካሽና ፈጣን። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከዚያ ተጠቃሚው «በአማርኛ ሲሆን ግራ ይገባል» ብሎ ስልኩን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው ደግሞ የሰው እጅ ያያል።

የሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ከንቱ ናቸው አልልም። የቃል ቁጥሩ ሥጋት መፍትሔ አለው፤ ትላልቆቹ ሶፍትዌሮች የተቆለፉ መስመሮችን ለይተው መቁጠር ይችላሉ፣ ክፍያው ውስጥ አይገቡም። «ኮዱን ያበላሻል» የሚለውንም መቆለፊያው ይመልሰዋል። ሁለት ነገር ግን እውነት አላቸው። አንደኛ፣ የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ ቁጥር ለናሙና ተብሎ ለተርጓሚ መታየት የለበትም። የተፈጠረ ምሳሌ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ይታይ ከተባለ ተርጓሚው በሺህ የኮድ መስመር ይዋጣል፤ የሚፈልገውን ማግኘት ያቅተዋል። ስለዚህ የሚታየው ተመርጦ ይሁን፦ የመስመሩ መለያ፣ በላይና በታች ያሉ ጎረቤት መስመሮች፣ የባዶው ምሳሌ፣ ከተቻለ አንድ ስክሪንሾት። ከዚያ ያለፈው ይደበቅ፣ ግድ የለም።

«አሁን እኮ ሁሉን ኤአይ ይተረጉመዋል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይተረጉማል። ግን ለሱም ብትሆን የምትሰጡት ያችኑ «[___] ሌፍት» ከሆነ፣ ልክ እንደኔ ከመገመት በቀር ምርጫ የለውም። ልዩነቱ እኔ ሥራዬን ሱቅ ውስጥ አግኝቼ ላብ ሊያጠምቀኝ መቻሉ ነው። ጎረቤት መስመሮቹንና ምሳሌውን ከሰጣችሁት እሱም የተሻለ ይሠራል።

ምን እናድርግ?

ይኼን ከምታነቡት ውስጥ አፕ የምትሠሩ ትኖራላችሁ። ለባዶ ቦታዎቻችሁ ምሳሌ ጻፉ። መለያዎቻችሁን «ቴክስት 14» ከማለት ሥራቸውን የሚናገር ስም ስጧቸው። አንድን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ቆራርጣችሁ አትላኩ፤ በእንግሊዝኛ የተገጣጠመው በአማርኛ አይገጣጠምም። ፋይሉን ስትልኩ ደግሞ የማይተረጎመውን ቆልፋችሁ ላኩ፣ ቆርጣችሁ አታውጡ።

እንደኔ በፍሪላንስ የምትተረጉሙ ካላችሁ፣ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መለያዎቹ ያሉበት ዋናው ፋይልና የአፑ ስክሪንሾት። እኔ አሁን ያለሱ አልጀምርም። አንዱ ደንበኛ «ሌላ ሰው እናሠራለን» ብሎኛል፤ ሄዷል። የዱቤው አፕ ኤጀንሲ ግን የእትዬን ስልክ ስክሪንሾት ስልክለት ደንግጦ የሚቀጥለውን ዙር ሙሉ ፋይል ላከ። መስመሩ ከቀድሞው ይበዛል፣ ክፍያው ያው ነው። ግን መገመት ስላቆምኩ ቶሎ ነው የጨረስኩት።

ተጠቃሚዎችም ብትሆኑ፣ ግራ የሚያጋባ አማርኛ ስታዩ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለአፑ ባለቤቶች ላኩ። ቲክቶክ ላይ ለጥፎ መሳቅ ደስ ይላል፣ እኔም እስቃለሁ። አንድ ኮፒ ግን ለነሱም ይድረስ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ያን ዕለት ማታ እዚያው ቆሜ ለእትዬ አስረዳኋቸው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ገንዘቡ ከመሳቢያው እንዳልወጣ፣ ሰው ያልከፈላቸው ዱቤ እንደሆነ። ደብተራቸውን አውጥተን ከአፑ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። ሁሉም ገጠመ። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ሲያሠሩህ ይኼን ገጽ አላሳዩህም?» አሉኝ።

«አላሳዩኝም።»

«ሳይታይ ደግሞ እንዴት ይጻፋል?»

መልስ አልነበረኝም።

ልጁን ጠሩት። ምንም ሳይሉ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡለት። ትንሽ ቆይተው «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለውም» አለኝ፤ ነገር ግን ፊቱ ችግር እንደነበረው ያስታውቃል። ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ ገጹን አየት አደረገና «ዝም ብለህ ‹ቀሪ ዕዳ› ብትለው አይሻልም ነበር?» አለኝ።

ይሻል ነበር። አፕዴቱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ያ ደንበኛም መቶ ብር ጨምሮ ከፍሏል፤ ስሙ ሥር አሁን «ቀሪ ዕዳ፦ 350 ብር» ይላል።